በጫልቱ ቁርጭምጭሚት ቀንቼ

ሰው በሰው ወርቅ ይቀናል፤ በሰው ባል፣ በሰው ልጅ፣ በሰው ጠጉር ይቀናል። እኔ ዘይቱና ግን የቀናሁት በሰው ቁርጭምጭሚት ነው። ብትስቁ አልቀየምም፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ግን እግሩ የሚታጠፍበት፣ ቁልቁለት ሲያይ ሆዱ የሚባባ፣ ጫማ ሲገዛ ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ካለ፣ ስቆ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ እግሩን እንዲያይ ብዬ ነው የምጽፈው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሩዝና በስኳር ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ካነከሰ እግሬን አስታውሱና እለፉት።

ቤቴ ሮቤ ነው፤ ሥራዬ ግን ተራራ ላይ ነው። ከዲንሾ ተነስተው ወደ ሳነቴ የሚወጡ እንግዶች አስጎብኚ ይይዛሉ፣ ዕቃ የሚጭን ባለ ፈረስ ይይዛሉ፣ ምግብ አብሳይም ይይዛሉ። ከምግብ አብሳዮቹ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን። ዋናዋ እኔ፣ ረዳቴ ጫልቱ። ሊጥ ድስት ውስጥ አድርጎ፣ ከላይም ከታችም ፍም አስቀምጦ፣ በዚያ ነፋስ ዳቦ መጋገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስሟ በኦሮምኛ «የምትበልጥ» ማለት ነው። ሳስተምራት ይሄንን አላሰብኩበትም ነበር።

ጫልቱ ከሃረና ጫካ በኩል የመጣች ልጅ ናት። ቁመቷ መለሎ፣ እግሯ ቀጭን። በዚያች በነተበች የሸራ ጫማዋ ከድንጋይ ድንጋይ እንደ ሰስ ስትዘል ከኋላዋ ሆኜ አያታለሁ። ቁርጭምጭሚቷ አንድም ቀን ሲወላገድ አላየሁም። እኔ በዚያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናት፣ ሰውነቴ ከበድ ያለ፣ ቀኝ እግሬ ደግሞ ከዳኝ።

የከዳኝ እንዲህ ነው። ሳነቴ ላይ መሬቱ ለዓይን ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ግን የፍልፈል ቤት ነው። ረግጠሽው ጠንካራ ነው ስትይ ይሰምጣል። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ቀኝ እግሬ ጉድጓድ ገባና ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። በሻሽ ጠፍሬ እራት አበሰልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ዲንሾ ወረድኩ። እግሬ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። እብጠቱ ሲጎድል ዳንኩ አልኩ። አልዳንኩም። ከዚያ ወዲህ ሮቤ አስፋልት ላይ፣ ጠጠር በሌለበት፣ እግሬ እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ድንገት ይታጠፋል። ሰላምታ እየሰጠሁ እታጠፋለሁ። አንዴ የሰው ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ታጥፌ ወደቅሁና «ከልቧ አዘነች» ተባለልኝ።

ጎረቤት «ብርድ ገብቶብሽ ነው» አለ። አማቴ አዴ መርየም በጨው ውኃ ዘፈዘፉኝ። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ጫማዬን እንኳ ሳያስወልቀኝ «ሪህ ነው፣ ሥጋ አቁሚ» አለኝና መርፌ ወጋኝ። ሥጋ አቁሚ! ከኢድ እስከ ኢድ ሥጋ የማላይ ሰው ምኑን ላቁም? ባሌ አማን ከክሊኒኩ ስንወጣ «ቢያንስ ማቆሙ ቀላል ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ።

እኛ ዘንድ ልማድ አለ። እንግዶች ጉዟቸውን ጨርሰው ዲንሾ ሲወርዱ የማይፈልጉትን ዕቃ ትተው ይሄዳሉ፤ ካፖርት፣ ካልሲ፣ ባትሪ፣ ጫማ። ያንን መሬት ላይ ደርድረን ዕጣ እንጥላለን። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት በባለ ፈረሱ ባርኔጣ ውስጥ ይከታል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። እኔ ሁልጊዜ የብር ቀለበቴን ነው፣ ጫልቱ የሸሚዝ ቁልፏን። የማንን ምልክት እንደያዘ የማያውቅ ሰው አንድ አንዱን እያወጣ በየዕቃው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ አታጉረመርምም፤ ዕጣ የአላህ ነው ይባላል።

የዚያን ቀን አንዲት ረዥም እንግዳ ቡናማ የቆዳ ቦት ጫማ ትታ ሄደች። አንገቱ ቁርጭምጭሚት አልፎ የሚወጣ፣ ክሩ በብረት ቀለበት የሚሄድ፣ ውስጡ እንደ አልጋ። ሳየው ልቤ ዘለለ። ይሄ ነው መድኃኒቴ! እግሬን እንደ እናት እጅ አቅፎ የሚይዝልኝ ይሄ ነው! ባርኔጣው ዞረ። ቀለበቴ አንድ የተጨማደደ ካፖርት ላይ አረፈች። የጫልቱ ቁልፍ ጫማው ላይ።

 ካፖርቱን አንስቼ ወደ ጫልቱ ሄድኩ።

«ጫልቱ እህቴ፣ እግሬ እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ» አልኳት ወደ ጎን ስቤያት። «አንቺ ባዶ እግርሽንም ብትሄጂ አትታጠፊም። በካፖርቱ ለውጪኝ።»

ኦቦ ሁሴን፣ ተራ የሚያስይዘን የቡድኑ አለቃ፣ ሰማኝ። «ዘይቱ፣ ዕጣ ይለወጣል እንዴ? መቼ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ጫልቱ ግን ጫማውን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ውሰጂው እትዬ። እግርሽ ይዳንበት።»

ባለማጉረምረሟ ነው የተናደድኩት። ትንሽ ብታጉረመርም ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ደግነቷም እንደ ቁርጭምጭሚቷ ከእኔ የጠነከረ ሆነብኝ።

እንግዲህ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትሥሩ። ጫማው ቁጥር አርባ ነበር፤ እኔ ሠላሳ ስምንት ነኝ። ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት፣ ካልሲ ደራረብኩበት፣ «ፈረንጅ ተራራ የወጣበት ጫማ ይያዘኛል እንጂ አይጥለኝም» አልኩ። ስራመድ ተረከዜ ውስጡ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ ጉድጓድ ባልዲ። ሶሉ በውጭ በኩል ተበልቶ እንደነበር አላየሁም፤ የጫማ ሆድ ገልብጦ ማየትን ማን አስተምሮኝ? አንገቱን አየሁ፣ ቆዳውን አየሁ፣ ጫልቱ እንዳላደረገችው አየሁ፣ በቃኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ፣ ወደ ዌብ ሸለቆ ስንወርድ፣ ቀኝ እግሬ በውጭ በኩል ተጣመመና ተንከባለልኩ። ድስቱ ከእኔ ቀድሞ ታች ደረሰ። «ያ ረቢ!» ብዬ ጮህኩ። ቀድማ ሮጣ የደረሰችልኝ ማን ትመስላችኋለች? ጫልቱ፣ በሸራ ጫማዋ። ፈረስ ላይ አስቀምጠው ወደ ዲንሾ መለሱኝ፤ የቀረውን ጉዞ እሷ አበሰለች። ፈረሱ ላይ ሆኜ እግሬ እየነደደ እንኳ «ዳቦው ባረረባት» እያልኩ ነበር። አላረረባትም።

አማን እንደ ወንድ ሁሉ «ወጌሻ ይሻላል» አለ። ሁሉንም ወጌሻ አልነቅፍም፤ የአባቴን ትከሻ የመለሰው ወጌሻ ነው። የእኔው ግን ሳይጠይቅ፣ ሳያይ፣ «ወልቋል» አለና ቅቤ ቀብቶ፣ አማንና ጎረቤት ትከሻዬን ይዘው፣ እግሬን መዘዘው። ድምፄ ሰፈሩን ሞላው። «ጮኸች ማለት ገባላት ማለት ነው» አለ ወጌሻው። በማግስቱ እግሬ ጠቆረ፣ ጣቶቼ በእብጠቱ ጠፉ። ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካው እየነቃሁ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፤ መንቀሳቀሳቸውን ካላየሁ ተመልሼ አልተኛም። እግሬ ይቆረጥ ይሆን ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። አዴ መርየም ግን ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ሲነቁ «ኦብሲ፣ ልጄ፣ ታገሺ» ይሉኛል ከመኝታቸው ሆነው።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ሁሴን ስኳር ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ዘይቱ? እግርሽስ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አለ እስካሁን።»

ሲያቅማማ አየሁትና «ተናገር እንጂ» አልኩት።

«ክረምቱ እስኪወጣ ቦታሽን እይዝልሻለሁ። የመጀመሪያው ቡድን ሲነሳ ከቻልሽ ትወጫለሽ። ካልቻልሽ ዋናዋ ጫልቱ ትሆናለች። አንዴ ዋና ካደረግኋት ደግሞ ዝቅ አላደርጋትም፣ ወግም አይደል።»

ያ ቦታ ለእኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሮቤ ውስጥ የአማን ሚስት ነኝ፣ የአዴ መርየም ምራት ነኝ። እዚያ ላይ ግን ዘይቱና ነኝ። በጅባራው ተክል መሐል ጭስ ሲታይ «ዘይቱ ደርሳለች» ይባላል። ይሄንን ለተማሪዬ አስረክቤ ቤት መቀመጥ ከእግሬ በላይ አመመኝ።

ስለዚህ በነጋታው ጎባ ሆስፒታል ውሰዱኝ አልኩ።

ወረፋው ረዥም ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አየችኝና ባልዲዋን ገልብጣ አመጣችልኝ፤ «ሰው ይሰጥሻል መቀመጫውን፣ ይሄ ግን ለእግርሽ ነው፤ ከፍ አድርጊው» አለች፣ መወልወያዋን ይዛ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ ዱዓ ሳደርግ አነሳታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ከሲናና የመጡ ሽማግሌ ደግሞ እግሬን አይተው «የእኔ ይብሳል ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አንቺን ሳይ ግማሹ ዳነልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ከወደቅሁ ወዲህ መጀመሪያዬ ነበር።

ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሟ ወደ መብራቱ አንስታ አየችውና «አጥንት አልተሰበረም፣ አልወለቀምም» አለች። «ጅማት ነው።» ጅማት ማለት አጥንትን ካጥንት የሚያስር ገመድ ነው፤ ደጋግሞ ሲታጠፍ እየላላ ይሄዳል፣ የእኔው አንደኛው ተበጥሶ ነበር። ሪህም አልነበረም፣ ብርድም አልነበረም፣ ውልቃትም አልነበረም። መጀመሪያ ጉድጓድ የገባሁ ቀን ታስሮ ቢያርፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። «አሽታችሁታል?» ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ።

እግሬ በፋሻ ታሰረ፣ ምርኩዝ ተሰጠኝ፣ እብጠቱ ሲጎድል የአካል ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ወደሚያሠራው ወጣት ተላክሁ። ወንዴ ይሉታል። መጀመሪያ ቀን «የምትሠሪበትን ጫማ አምጪልኝ» አለኝ። ሁለተኛ ቀን ያንን ቡናማ ቦት ጫማ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ጫማው ዘመም አለ። ለካ ባዶውንም ቆሞ አያውቅም!

«እዪው» አለ ወንዴ። «በውጭ በኩል ተበልቷል። በፊት ያደረገችው ሴትዮ አረማመድ ታትሞበታል። ቁልቁለት ስትወርጂ አንቺ አልነበርሽም የምትሄጂው፤ እሷ ነበረች፣ አንቺን ጭና።»

«አንገቱ ረዥም ነው እኮ» አልኩት፣ የተሰደበ ዘመዱን እንደሚከላከል ሰው።

«አንገት ለብቻው ምን ያደርጋል? ተረከዝ ካልያዘ፣ ሶል ካልተስተካከለ፣ አንገቱ ያስመካሻል እንጂ አያድንሽም። ይሄንን ጫማ ለማንም አትስጪ። ደህናውንም እግር ያጣምማል።»

ይቺን የመጨረሻዋን አስቀምጡልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ክረምቱን በሙሉ እግሬን አስተማርኩ። የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ፣ አንዱን ጫፍ ከአልጋው እግር አስሬ፣ በእግሬ መዳፍ እጎትታለሁ። በእግሬ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል እጽፋለሁ፤ ወንዴ ነው ያዘዘኝ፣ ቁርጭምጭሚት በሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር። ሀ ሁ ሂ ብዬ እስከ ፐ እወርዳለሁ። ልጄ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውንም ጨመረችልኝና በሁለት ቋንቋ የምትጽፍ እግር ሆነች። ከዚያ ግድግዳ ይዤ፣ ኋላም ሳልይዝ፣ ወጥ እያማሰልኩ በአንድ እግር መቆም። አዴ መርየም ገብተው ሲያዩኝ «ሽመላ ነው እንዴ ልጄ ያገባው?» ይላሉ። አማን መጀመሪያ ይኮራብኝ ነበር፣ ከዚያ ሰለቸው። «ከጫልቱ ጋር ነው ወይስ ከእግርሽ ጋር የተጣላሽው?» አለኝ አንድ ቀን፤ ዳቦ ሳልጋግር የዋልኩ ቀን ነው።  መልሱን እሱም ያውቀዋል።

ጫማ ፍለጋ የሮቤ ገበያ ሳልባጅ ተራ ሄድኩ። እንዴት እንደመረጥኩ በደንብ ስሙኝ፤ ለዚህ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ጠዋት አልሄድኩም፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት የሰፋሽ ጫማ ማታ ያንቅሻል። የምሄድበትን ወፍራም ካልሲ አድርጌ ሄድኩ። ነጋዴው ቀይ ክር ያለው፣ አንገተ ረዥም፣ አብረቅራቂ አወጣልኝ። ገለበጥኩት፤ ሶሉ በአንድ ጎን ተበልቷል። መለስኩለት። ሌላ አመጣ። እንደ ታጠበ ልብስ በሁለት እጄ ጠመዘዝኩት፤ ተጠመዘዘ። መለስኩለት። የእግርሽን መጠማዘዝ የሚከለክል ጫማ ራሱ መጠምዘዝ የለበትም፤ መታጠፍ ያለበት ጣት ጋ ብቻ ነው፣ መሐል ወገቡ ላይ ከታጠፈ ተይው። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ፤ ከተደፋ ለስላሳ ነው፣ አይይዝም።

«እትዬ፣ ጫማ ነው የምትገዢው ወይስ በሬ?» አለኝ ነጋዴው።

«በሬ ቢሆን ጥርሱን አይቼ እለቅህ ነበር» አልኩት።

በመጨረሻ ከክምሩ ሥር አንድ አስቀያሚ ነገር ወጣ። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ፣ ቁጥሩ ለወፍራም ካልሲዬ የሚበቃ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አንገቱ ቁርጭምጭሚቴን ሸፈን አድርጎ የሚያቆም፣ መሠረቱ ሰፊ። የወንድ ልጅ ጫማ ነበር መሰለኝ። ክሩን አጠበቅሁ፤ ተረከዜ አልተነሳም። ከነጋዴው ጀርባ የአሸዋ ክምር ነበር፣ ወጥቼ ወረድኩበት፤ ስወርድ አውራ ጣቴ የጫማውን አፍንጫ አልመታውም። ተራ ጠባቂው፣ ሻይ ሻጯ፣ ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ሦስቴ ወጥቼ ወረድኩ። «ማሻ አላህ፣ ወሰደችው!» አለ ነጋዴው ለሻይ ሻጯ፣ እንደ ተገላገለ ሰው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ዝናቡ በደንብ ሳይወጣ፣ ወንዴ «ሁለት ሳምንት ቀርቶሻል» እያለኝ፣ አንድ ቡድን ቀድሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ቤቴ መጣች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ። ከድስት የወጣ፣ ወርቅ የመሰለ። ልጆቹ ተሻሙበት። አማን ቆርሶ «ያንቺን ይመስላል» አለኝ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

ጫልቱ አቀረቀረች። «እትዬ ዘይቱ፣ ነገ ጠዋት ነው የምንነሳው። ኦቦ ሁሴን አንቺ ገና እንደሆንሽ ነግሮኝ... እኔን ሂጂ አለኝ። እንዳትቀየሚኝ» አለች። እግሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ የሸራ ጫማዋ አፉን ከፍቶ ጣቷ ይታያል። «ያ ኮጴ፣ ቡናማው ጫማ፣ የማታደርጊው ከሆነ...»

አልጋ ሥር ነበር። አወጣሁት። አቧራውን እንኳ ጠረግሁላት። «ውሰጂው፣ ዕጣሽም ነው» አልኳት። የወንዴን ቃል እያንዳንዷን አስታውሳለሁ፤ አንዷንም አልተናገርኩም። ግንባሬን ስማ ወጣች። እኔም ልቤ ውስጥ አንድ ነገር፣ ስም ልስጠው፣ ደስታ ነበር፤ እሷም ትታጠፍ፣ እሷም ትወቀው የሚል ደስታ።

ጠዋት ቁርሴን ሳልነካ ተውኩት። አዴ መርየም አዩኝ።

«ምን ሰጠሻት ለዚያች ልጅ?»

«ጫማ።»

«የትኛውን?»

ዓይኔ ወደ አልጋው ሥር ሄደ።

«ያንን የጣለሽን?» አሉኝ። አልተቆጡም። ሻያቸውን አስቀመጡና ግድግዳው ጥግ ያለውን አስቀያሚ ጫማዬን አመጡልኝ፤ በሰባ ዓመት እጃቸው እግሬ ሥር አስቀመጡት። «እርስዎ አይልፉ!» ስላቸው «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ዲንሾ በሚኒባስ ደረስኩ። ሄደዋል፣ ከተነሱ ሰዓት አልፏቸዋል። ኦቦ ሁሴን በር ላይ ቆሞ «አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ማን ሂጂ አለሽ?» እያለ ከኋላዬ ቀረ። በየት በኩል እንደሚሄዱ፣ ምሳ የት ወንዝ ዳር እንደሚያርፉ አውቃለሁ፤ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ዱላ ይዤ ጀመርኩ። ዳገቱ ላይ ክሩን ከላይ ትንሽ ላላ አደረግሁ፣ ቁልቁለቱ ጋ ቁጭ ብዬ እንደገና አጠበቅሁ። የፍልፈል መሬት ሲመጣ በዱላዬ እየወጋሁ ረገጥኩ። ሁለት ጊዜ እግሬ ሊታጠፍ ብሎ ጫማው መለሰው፤ ወይም እኔ መለስኩት፣ እነዚያ ሁሉ ፊደሎች። እየሄድኩ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያ አላህ፣ ሳትወድቅ አድርሰኝ።

ወንዙ ዳር ደረስኩ። ጭስ ነበር። ጫልቱ እሳቱ ጋ ጎንበስ ብላ፣ ቡናማው ጫማ እግሯ ላይ። ባለ ፈረሱ አየኝና «ያ ጀማ፣ እናንተ ሰዎች! ዘይቱ ተነስታ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ጫልቱ፣ አውልቂው» አልኳት፣ ትንፋሼ እያጠረ።

ቀና አለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ጫማውንም?» አለች። «ተራውን ብትፈልጊ እሺ፣ አንቺ ነሽ ዋናዋ። አንዴ የሰጠሁሽን፣ አንቺም መልሰሽ የሰጠሽኝን ጫማ ግን ከእግሬ ላይ ልታስወልቂኝ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሽው? ይሄን ያህል ትቀኛለሽ?»

«አዎ፣ እቀናለሁ» አልኩ። ባለ ፈረሱም፣ አስጎብኚውም እየሰሙ። «ቀንቼ ነው የሰጠሁሽ። ሶሉ ጠማማ ነው፤ የጣለኝ እሱ ነው። ሆስፒታል እግሬን የሚያሠራኝ ወጣት ለማንም አትስጪ ብሎኝ ነበር። እያወቅሁ ሰጠሁሽ።»



ጫልቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ክሩን ፈታች። ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ደም ነክቶት ነበር። ጫማውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆመችው፤ ዘመም አለ። አየችው፣ አየችኝ። «ሁለት ጊዜ ታጠፍኩበት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ታጥፌ አላውቅም። የደከመኝ መስሎኝ።»

ከከረጢቷ የሸራ ጫማዋን አወጣች፤ ባለ ፈረሱ ምንም ሳይናገር ወስፌውንና የኮርቻ ክሩን አምጥቶ ይሰፋላት ጀመር። እኔ ቆሜያለሁ፣ የት እንደምቀመጥ አላውቅም። ጫልቱ እግሯን ውኃ ውስጥ እንደነከረች፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ዳቦው ጨው በዝቶበት ነበር?»

«አልበዛበትም።»

«ውሸት ነበር?»

«ውሸት ነበር። ከእኔ ይሻል ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ባለ ፈረሱ ነው። ከዚያ እሷ። «ሽሮው እንዳያር አማስይልኝ» አለችኝ፣ እግሯን ከውኃው ሳታወጣ። እኔ ዘይቱና፣ ዋናዋ፣ የተማሪዬን ሽሮ አማሰልኩ።

ከምሳ በኋላ ወደ ዲንሾ ተመለስኩ፤ እነሱ ወጡ። ኦቦ ሁሴን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስራመድ አየኝ። ደርሶ መልስ መሄዴን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና «ከእንግዲህ ሁለታችሁም ዋና ናችሁ፤ አንዱን ጉዞ አንቺ፣ አንዱን እሷ» አለ። እኔ ሙሉውን ነበር የፈለግሁት። ግማሹ ደረሰኝ። ይገባኛል፣ ከሚገባኝም ይበልጣል።

ያንን ጫማ ለሌላ ሰው እንዳይተርፍ ሶሉን በቢላ ከፈልነው፤ ባለ ፈረሱ ቆዳውን ለኮርቻ መጣፊያ ወሰደው። እግሬ አሁን ደህና ነው፤ ፊደሌን አልተውኩም፣ ጠዋት ጠዋት ሳልነሳ አልጋ ላይ እጽፋለሁ። የታጠፈ እግር ያላችሁ፣ ሳይታሽ ለሐኪም አሳዩት፣ አሳርፉት፣ አጠንክሩት፤ ከዚያ ጫማ ምረጡለት። የሌላ ሰው እግር አይታችሁ አትምረጡ።

ቅናቱስ? ባለፈው ሁለታችንም አብረን የወጣንበት ትልቅ ቡድን ነበር። ዲንሾ ስንወርድ አንዲት እንግዳ ቦት ጫማ ትታ ሄደች፤ አዲስ የመሰለ፣ አንገተ ረዥም፣ ቀይ ክር ያለው። ባርኔጣው ዞረ፣ ቀለበቴን ከተትኩ። ከዚያ ጫማውን አንስቼ ገለበጥኩት፤ ሶሉ ቀጥ ያለ። ጠመዘዝኩት፤ እምቢ አለኝ። ተረከዙን ተጫንኩት፤ ጠንካራ። ቁጥሩን አየሁ፤ አርባ፣ ለጫልቱ እንጂ ለእኔ የማይሆን።

«ደህና ጫማ ነው» አልኩ፣ እጄን ባርኔጣው ውስጥ ሰድጄ ቀለበቴን አወጣሁ።

የጫልቱ ቁልፍ ጫማው ላይ አረፈች። ክሩን እስክታስር ጠበቅኋት፣ ተረከዟ እንደማይነሳ በጣቴ አረጋገጥኩላት። በማግስቱ ሮቤ እስክደርስ ድረስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ያ ቀይ ክር ዓይኔን ሲወጋኝ መጣ።